የሐሙስ ጥሪ

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዛሬ ቢሮ ስብሰባ ነበር። ከዚህ በኋላ የመስክ ጉዞ እንደማይኖር ሳልህ ተናገረ። ሳልህ የግምገማ ድርጅታችን ኃላፊ ነው። ሥራ የጀመርነው አብረን ስለሆነ ሲናገር እኔን ትቶ መስኮቱን ነበር የሚያየው። በመጨረሻ «አምሃ፣ ቅር እንዳይልህ» አለኝ። ቅር እንዳላለኝ ነገርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚሸጡ ሴቶች ሸክሙን ትተው በልብስ ስፌት እንዲተዳደሩ የተቋቋመ ፕሮጀክት አለ። ሦስት ዓመት የገመገምኩት እኔ ነኝ። ተራራው ድረስ እየሄድኩ፣ እየጠየቅኩ፣ እየጻፍኩ። ዘንድሮ ለእያንዳንዷ ሴት ስልክ ታደለ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ማሽን ይደውልላቸዋል። የተቀዳ ድምፅ ይጠይቃል፤ እነሱ ቁጥር ተጭነው ይመልሳሉ። ማሽኑ ይደምራል፣ ሰንጠረዥ ያወጣል፣ ዘገባውንም ራሱ ይጽፋል። የእኔ ድርሻ ማንበብና መፈረም ነው። ለጋሾቹ የሰው ፊርማ ይፈልጋሉ፤ ለጊዜው።

ኮንትራቴ ጳጉሜ ላይ ያልቃል።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ማሽኑን የሠራችው ሃኒ አጠገቧ አስቀምጣ አሳየችኝ። ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል። ፈጣን ናት፤ ክፋት የለባትም።

«ጋሽ አምሃ፣ ይኼ እኮ የእርስዎ ልጅ ነው። እስከዛሬ የጻፉትን ሪፖርት ሁሉ አንብቧል። ልክ እንደ እርስዎ ነው የሚጽፈው፣ ይዩት።»

አየሁት። «ውጤቱ በአመዛኙ አበረታች ቢሆንም ተጨማሪ ጥረትን ይጠይቃል» ይላል። የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው። የት የት እንደጻፍኩት ለማስታወስ ሞከርኩ። የወባው ላይ። የንብ እርባታው ላይ። የጉድጓድ ውኃው ላይም ሳይሆን አይቀርም። ሁሉም ላይ ትክክል ነበር።

«ይመስላል?» አለችኝ።

«ይመስላል» አልኩ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ወር ውጤት ወጣ። «ባለፉት ሰባት ቀናት እንጨት ተሸክመሻል?» ለሚለው ጥያቄ፣ ከተጠየቁት ሁሉም ማለት ይቻላል «አልተሸከምኩም» ብለዋል። ሃኒ ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ አያይዛለች። እንጦጦ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ሰኔ ላይ ምኑ አረንጓዴ ያልሆነ አለ?

አምና በእግሬ ዞሬ ስጠይቅ ትተነዋል ያሉት ከግማሽ በታች ነበሩ። በአንድ ዓመት እንዲህ አይሆንም። ወይም ይሆናል። ሰዎች ይለወጣሉ።

የመሰለኝን ለሳልህ ነገርኩት። «ፕሮጀክቱ ሠርቶ ቢሆንስ?» አለ። ስለዚህ አላሰብኩም ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን አላሰብኩም ነበር።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

መገናኛ አካባቢ ባለ ሆቴል «የግምገማ ሥራ ነገና ከነገ ወዲያ» የሚባል ስብሰባ። ከውጭ በስክሪን የሚናገረው ሰው ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር። የሰማሁት ይህን ያህል ነው፦ ወደፊት መረጃ የሚሰበሰበው ሳይቋረጥ ነው፤ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ መጥቶ «እንዴት ነበር?» የሚል ሰው አያስፈልግም። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ምሳ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ።

«ድሮ በየቢሮው ታይፕ የምትመታ ሴት ነበረች፣ ትዝ ይልሃል?»

«እንዴት አይለኝም።»

«አሁን የት አለች?»

«ጡረታ።»

«የእኛም እንደሷ ነው።»

«እሷ እንኳ ጡረታ ነበራት።»

ከሚገባው በላይ ሳቅሁ። ዞረው አዩኝ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

የኮተቤ መንገድ ተዘግቶ እስከ ወሰን በእግር። ጫማዬ ራሰ። ቢሮ አረፈድኩ፤ ማንም አላስተዋለም። ይህ ራሱ መረጃ ነው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። መፈረም ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማየት አለብኝ። ስለ ኮንትራቱ አይደለም።

እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። አሮጌው መንገድ ታጥሯል፤ በጭቃው በኩል ዞርኩ። ከባሕር ዛፉ ሥር ሴቶች ወገባቸው ታጥፎ ይወርዳሉ። የሸክሙ ጫፍና ጫፍ መንገዱን ሞልቶታል። ዳር ይዤ አሳለፍኳቸው። አራተኛዋ ጸጋ ነበረች። ጸጋ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናት። እንደ ማሽኑ ከሆነ ከግንቦት ወዲህ እንጨት አልነካችም።

«ጸጋ፣ ትተሽዋል ተባለ እኮ።»

«ኧረ! ማን አለ?»

«ስልኩ።»

ሳቀች። ሸክሙን ሳታወርድ፣ መሬት መሬት እያየች ነው የሳቀችው። «ስልኩማ ቤት ነው» አለች።

ተከተልኳት። ፕሮጀክቱ ለስፌት ሥልጠና የተከራየው ክፍል ከመንገዱ ሥር ነው። የስፌት መኪኖቹ ግድግዳ ተጠግተው ላስቲክ ለብሰዋል። ወለሉ በሙሉ ልጅ ነው። የሚድሁ፣ የሚተኙ፣ የሚጣሉ። መሃላቸው አስያ ተቀምጣለች፤ የራሷ ሕፃን ጭኗ ላይ ነው። ከአጠገቧ የፕላስቲክ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ውስጥ የሁሉም ስልክ ተደርድሯል። ቆሜ ሳለሁ አንዱ ጮኸ። አነሣችው፣ አዳመጠች፣ ተጫነች፣ መለሰችው። ወዲያው ሌላው ጮኸ።

«የማንን ነው የምትመልሺው?» አልኳት።

«የጮኸውን።»

«እንጨት ተሸክመሻል ወይ ሲል ምን አልሽ?»

«አልተሸከምኩማ። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ነኝ። ይኸው እያዩኝ አይደል?» ነገሬ ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ ታየ። ውሸታም ያልኳት መስሏት ነው።

ጸጋ አስረዳችኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ ቁልፉ እሷ ዘንድ ቀረ። ድሮ ሕፃናቱን ወይ አዝለው ይወጣሉ ወይ ቤት ቆልፈውባቸው ይሄዳሉ። አሁን በየሳምንቱ አንዷ በተራ ትቀርና የሁሉንም ልጅ ትጠብቃለች። ለቀረችው ደግሞ የወጡት ከየሸክማቸው ጥቂት ጥቂት እየመዘዙ ይሰጧታል፤ ተደምሮ እንደ አንድ ሸክም ይሆንላታል። ስልክ ተራራ ላይ ይወድቃል፣ ይርሳል፣ ይነጠቃል። ፕሮጀክቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሳታነሣ የቀረች ትሰረዛለች ብሏል። ስለዚህ ስልኮቹ ሁሉ ከምትቀረዋ ጋር ይቀራሉ። ስልክ አንሡ ተባሉ፤ ይነሣል። እውነቱን መልሱ ተባሉ፤ ያነሣችው እውነቷን ትመልሳለች።

«ስፌቱስ?» አልኩ።

«ሰፍተን ነበር። ማን ይገዛናል? ሰልባጁ ከእኛ ጨርቅ ይረክሳል።»

ልነሣ ስል ጸጋ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «መሸከማችንን ካወቁ ክፍሉን ይወስዱብናል እንዴ?»

«ማን ይወስድባችኋል? ምንም አይደርስባችሁም» አልኳት። ረጋ ብዬ፣ በእርግጠኝነት ነው የተናገርኩት። እንዲህ ያለ ድምፅ አለኝ፤ መስክ ላይ ሁልጊዜ ይጠቅመኛል።

ስወርድ ቀሎኝ ነበር። እንዲህ ከቀለለኝ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ለሃኒ ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ከፍታ ፈለገች። መልሶቹ በሙሉ ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የደቂቃ ነው።

«ኦ ማይ ጋድ። ዳታው ውስጥ አለ እኮ! ፊት ለፊቴ ነበር።» ፀጉሯን ይዛ ቀረች። እውነት ለመናገር ማየቱ ደስ አለኝ።

ትንሽ ቆይታ ግን፣ «ቆይ ጋሽ አምሃ፣ ማሽኑ እኮ የተባለውን ነው የጠየቀው። ስልኩን ማን እንደያዘው ማረጋገጥ ይቻላል፤ በድምፅ መለየት ይቻላል። የሚያስቀው ጥያቄው ነው። እንጨት ተሸክመሻል ወይስ አልተሸከምሽም ብቻ። ልጆቹ የት ዋሉ የሚል የለም። ጥያቄውን ማን ነው የጻፈው?» አለች።

ከዱሮው የወረቀት መጠይቄ የተወሰደ ነው። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ሳልህ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ።

«ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ማሽኑ የጻፈውን ትፈርማለህ። ግቡ ተመታ ይባላል፤ ሁለተኛው ዙር ይፈቀዳል፤ የክፍሉ ኪራይም ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ የራስህን ትጽፋለህ። ሴቶቹ አልተዉም ትላለህ። ግቡ አልተመታም፤ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ክፍሉም አብሮ።»

«ክፍሉን እኮ ነው ዋናው ውጤት የምልህ። ማንም ያላቀደው ውጤት።»

«ማንም ካላቀደው ቅጹ ላይ በየትኛው ሣጥን ይገባል?»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«እኔ ገምጋሚ አይደለሁም። አለቃ ነኝ።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቆጣ። ማሽኑ ተሳሳተ ቢባል ማን እንደሚጠቀም እዚህ ቢሮ የማያውቅ የለም።»

ተቆጣሁ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

አሁንም ተቆጥቻለሁ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ለባለቤቴ ለሒሩት ነገርኳት። የተማሪ ፈተና እያረመች ነው የምትሰማኝ። ኮተቤ ሃያ ዓመት አስተምራለች፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነው ሁሉን የምትሰማው።

«እና ሴቶቹ ምን አሉ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ለምን ስልኩን እንደሚተዉ፣ ተራቸውን…»

«እሱን አይደለም። ይጻፍ አሉ ወይስ አይጻፍ?»

«እሱን አልጠየቅኳቸውም።»

«አንተ ሥራህ መጠየቅ አይደል?» ብላ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

ገምጋሚ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። የተገመገመ ሰው ስለ ግምገማው ከተጠየቀ ውጤቱ ይዛባል። ይህን ላስረዳት ነበር፤ ደክሞኝ ተውኩት። ሐሙስ ግን ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዝናብ። አልሄድኩም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሃኒ ምሳ ጋበዘችኝ። እሷ ብትሆን ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«እኔ ብሆን ጥያቄውን ቀይሬ እንደገና እደውል ነበር። ሁለት ወር ይስጡን እላለሁ። ለምን ዛሬውኑ እውነት ወይ ውሸት እንባላለን?»

«ለጋሾቹ ቀን ቆርጠዋል።»

«እርስዎ ቢጠይቁ ይሰጡ ነበር። የእርስዎን ስም ያምናሉ።»

ኮንትራቴ ጳጉሜ ላይ እንደሚያልቅ፣ ሁለት ወር ቢጨመር እኔ እንደማልኖርበት አልነገርኳትም። ይህ ምክንያት አይደለም። በሥራው ዓለም ቀን ቀን ነው።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። ሒሩት ከሌሊት ወጥታ ቤተ ክርስቲያን። ዝናቡ ጠዋት አባርቶ ነበር፤ መሄድ እችል ነበር። ዘገባውን ጀመርኩ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

እየጻፍኩ ነው። ጥሩ እየሄደ ነው። አልሄድኩም፤ የምጠይቀውን አውቀዋለሁ፣ የሚመልሱትንም አውቀዋለሁ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ዘገባው አለቀ። ሳላጋንን፣ በዚህ ሥራ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለው ነው። «በአመዛኙ» የሚል ቃል የለበትም። ስልኮቹ ያሉበትን ሳፋ ጻፍኩ፤ አስያን ጻፍኩ፤ ከየሸክሙ ተመዝዞ ለቀረችው የሚሰጠውን ጻፍኩ። ፕሮጀክቱ ያሰበውን እንዳላሳካ፣ ያላሰበውን ግን እንዳሳካ፣ ማሽን ይህን ሊያየው እንደማይችል፣ ክፍሉ ሊቀጥል እንደሚገባ ጻፍኩ። ስለ ክፍሉ ያለው አንድ አንቀጽ ነው። ስለ ማሽኑ ያለው አራት ገጽ ሆነ። ለማሳጠር ሞከርኩ፤ የሚቆረጥ አላገኘሁበትም።

ሒሩት አነበበችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «በጣም ጥሩ ነው። ሄደህ ጠየቅካቸው?»

«ጊዜ አልነበረም።»

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ትናንት ፈርሜ ላክሁ። ፆሙ ስለተፈታ ሒሩት ዶሮ ሠርታለች። በደንብ በላሁ።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ከለጋሾቹ መልስ መጣ። ሳልህ ጠርቶ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «በዘርፉ እምብዛም የማይገኝ ሐቀኝነት» ይላል። ዘገባውን ለሌሎች ቢሮዎቻቸው ሁሉ በትነውታል። ሁለተኛው ዙር አይኖርም። ለእሱ ተይዞ ከነበረው የተወሰነው ለአዲስ ጥናት ይውላል፦ በስልክ የሚሰበሰብ መረጃ በሰው ዓይን እንዴት ይረጋገጣል የሚል። የጥናቱ መሪ እንድሆን በስም ጠይቀዋል። ሁለት ዓመት።

«ክፍሉስ?» አልኩ።

«የክፍሉን ነገር 'ልብ የሚነካ' ብለውታል» አለ ሳልህ። ገጹን ገልብጦ ፈለገልኝ። «አዎ። ልብ የሚነካ። በወሩ መጨረሻ ቁልፉ ለአከራዩ ይመለሳል።»

እጄን ጨበጠኝ። «አተረፍከን። የሁላችንንም ኮንትራት ነው ያተረፍከው» አለኝ። ከልቡ ነው።

ክፍሉ እንዲቀጥል አንድ አንቀጽ ጽፌያለሁ። መዝገብ ላይ አለ።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ለአከራዩ ደወልኩ። ክፍሉን ዕቃ ማከማቻ የሚፈልግ ነጋዴ ይዞታል። ለሦስት ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ ወዲያው መለሰ፤ ሕፃናት በዘንድሮው ዕቅዳቸው ውስጥ የሉም።

ሃኒ ዘገባዬን ማሽኑ ላይ ጨምራዋለች። «አሁን ራሱ መጠራጠር ጀምሯል፣ ይዩት» አለችኝ። አየሁት። ባሌ ውስጥ ስላለ የመስኖ ፕሮጀክት የጻፈውን ነው ያሳየችኝ። «ስልኩን ማን እንዳነሣው በአካል ማረጋገጥ ያስፈልጋል» ይላል። ደህና አድርጎ ጽፎታል።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ሃኒ በለጋሾቹ ጥያቄ ቁልፉን፣ የስፌት መኪኖቹንና ስልኮቹን ለመረከብ ሄደች። አብሬአት እንድሄድ ጠየቀችኝ። የአዲሱ ጥናት ዕቅድ ላይ ነበርኩ።

ከሰዓት ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ስልኮቹን ጠርገው ነው ያስረከቡኝ፤ አንድም አልጎደለም። ሴትየዋ፣ ጸጋ፣ 'አጥፍተን ይሆን?' አለችኝ። ስልኩን አንሡ ተብለን አነሣን፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋነው አለችኝ። ምን ልበላት ጋሽ አምሃ?»

አላጠፋችሁም ማለት ነበረባት። እንዲያ አልኳት።

«ብያታለሁ» አለች። «ታዲያ ለምን ተዘጋ አለችኛ።»

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ሄድኩ። ለአዲሱ ጥናት መንገዱን ማየትም ነበረብኝ።

ሰዉ ለጳጉሜ ጠበል ሽቅብ ይወጣል፤ ሴቶቹ ሸክማቸውን ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጠበልተኛው ዳር እየያዘ ያሳልፋቸዋል። አስያ ሕፃኗን በፊት በኩል ደረቷ ላይ አስራዋለች፤ እንጨቱ ከኋላዋ ነው። አየችኝ፤ በአገጯ ሰላም አለችኝ፤ አልቆመችም። ከቆሙ መነሣት ይከብዳቸዋል።

ጸጋ ግን ድንጋይ ላይ ሸክሟን አስደግፋ ጠበቀችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ስለ ለጋሾች አሠራር፣ ስለ ዕቅድና ግብ። ጀመርኩት። ጥቂት ሰምታ አቋረጠችኝ።

«ያቺ ልጅ እንደነገረችን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ክፍሉ እንዲቀጥል ብዬ…»

«እንደተሸከምን ጻፉ?»

«ጻፍኩ።»

«ያው እውነት ነው» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «መጥተው ቢነግሩን ኖሮ ግን ሁለት ሦስታችን እንተወው ነበር። የተዉ አሉ ተብሎ ሁለተኛው ዙር እስኪፈቀድ ብቻ። ሌሎቹ እየመዘዙ ያኖሩን ነበር። ለአንዷ እንደምናደርገው ለሦስት ማድረግ ማን ያቅተዋል?»

በሐምሌም በነሐሴም ይህ መልስ አልታሰበኝም።

«ለመሆኑ እርስዎንስ አስወጡዎት?» አለችኝ። «ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሚሠሩበት ሁሉ ይወጣሉ ሲሉ ሰማሁ።»

«የለም። ሥራ አለኝ። ሁለት ዓመት ጨመሩልኝ።»

«እሰይ» አለች። ፊቷን አየሁት፤ ምፀት የለበትም። «አንድ ሰው እንኳ ይትረፍ።» ገመዱን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ሄደች።

ከኋላዋ ልጆቹ ይወርዳሉ። መራመድ የሚችሉት በእግራቸው፣ ሌሎቹ በታላላቆቻቸው ጀርባ። አንዳንዶቹ ጭራሮ ይዘዋል። መጠምዘዣው እስኪሰውራቸው ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። አዲሱ ጥናት መነሻ ቁጥር ያስፈልገዋል። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ለሃኒ ላክሁላት።